ልምምድ ላይ ያለሁ መምህርት ነኝ፤ ስለዚህ ልጅ ለማን ልንገር?

እጩዋ መምህርት (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። የተግባር ልምምድ ላይ ያለሁ እጩ መምህርት ነኝ። ዛሬ 5ኛ ሳምንቴን ጀመርኩ። የተመደብኩበት ትምህርት ቤት "ከባድ" ከሚባሉት ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ። መምህራን ዓመት ሳይሞላቸው ዝውውር ይጠይቃሉ። ስመደብ ጓደኞቼ "አይዞሽ" ብለው ነው የሸኙኝ።

የማስተምረው 2ኛ ክፍል ነው። አንድ የ8 ዓመት ልጅ አለ። ትምህርት መሃል ድንገት ብድግ ይልና የጎረቤቱን ደብተር ያያል። "ተቀመጥ" ስለው ያልሰማ ይመስል ዝም ይለኛል። ከኋላው የነካው ልጅ ካለ ዞሮ ይማታል። ሲያወራ ድምፁ ከክፍሉ ሁሉ ይበልጣል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያረፍዳል።

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ወረቀት ጻፍኩ። "ጠባዩ ያስቸግራል፤ እባክዎ ይርዱኝ" ነው ያልኩት። በማግስቱ ወረቀቱ ተመለሰልኝ። ከግርጌው "ዝርዝር ይጻፍ" ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። በጣም ከፋኝ። አማካሪ መምህሬ ደግሞ "አንቺ ክፍልሽን ያዢ፤ ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም" አለችኝ። የልምምድ ውጤቴን የምትሞላው እሷ ናት።

ትምህርት ቤቱ ነርስ አለው። ማኅበራዊ ሠራተኛም በሳምንት 2 ቀን ትመጣለች። ከሁለቱም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለንም። ስለ ትምህርት ዕቅድና ስለ ምዘና ተምሬ ነው የመጣሁት። ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንዴት እንደሚሠራ ግን አንድም ቀን አልተማርኩም።

እጩ ሆኜ እነሱ ጋ መሄድ ቦታዬ ነው? ከሆነስ ምን ይዤ ልሂድ?

---

የድሮ ጠመኔ (ሰኞ ማታ)

ልጄ፣ 27 ዓመት አስተምሬያለሁ። የምልሽ ነገር ላይጥምሽ ይችላል፤ ግን ለአንቺ አስቤ ነው።

አማካሪሽ ልክ ናት። መጀመሪያ ክፍሉ ይያዝ። እኛ ጋ አንዲት እጩ መጥታ ነበር፤ ጎበዝ፣ ሩኅሩኅ ልጅ። የእያንዳንዱን ተማሪ ችግር ተሸከመች። ከትምህርት በኋላ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ከኪሷ ደብተር ትገዛለች፤ ማታ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። በ4ኛው ወር ሙያውን ጥላ ሄደች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እንደዚያ እንዳትሆኚ ፈርቼ ነው።

ያ ልጅ ደንብ ይፈልጋል። ደንብ ስጪው።

---

ነርስ ከትምህርት ቤት (ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ)

ጋሼ፣ የእጩዋ ነገር እውነት ነው፤ እኔም እንደዚያ ሲሆን አይቻለሁ። ግን እኮ ያቺ ልጅ የሄደችው ብቻዋን ስለተሸከመችው ይመስለኛል። የሚያግዛት ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬም ታስተምር ይሆናል።

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ያልሰማ ይመስል" ያልሽው ላይ ቆምኩ። ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ የት ነው የሚቀመጠው? ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይስ የሚሻለው ቀን አለ? ጉንፋን ሲይዘው ይብሳል? ፊትሽን ሳያይ በስሙ ብትጠሪው ይዞራል? ነገ ደብተሩን ይዘሽ እይው፤ በተለይ የቃል ጽሕፈት የምታጽፊበትን።

ቦታዬ ነው ወይ ስላልሽው ደግሞ፣ ስለ ሙያዬ አጀማመር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1902 ኒውዮርክ ውስጥ ሐኪሞች ትምህርት ቤት እየዞሩ ይመረምሩ ነበር። ዓይኑ የታመመ፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ቅማል ያለበት ልጅ ሁሉ ሌላው ላይ እንዳያጋባ ወደ ቤቱ ይላካል። ሐኪሙ ልጁን አስወጣ። መምህሩ "ቀሪ" ብሎ መዘገበ። ወላጅ ምን እንደሚያደርግ የነገረው የለም። ሁሉም የድርሻውን ሠርቷል፤ ልጁ ግን መንገድ ላይ ነው። ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ ለአንድ ወር ሙከራ 4 ትምህርት ቤቶች ተሰጧት። ቁስሉን እዚያው ትምህርት ቤት አጠበች። ቤት ድረስ ሄዳ ለእናቶች አሳየች። ልጆቹ ወደ ክፍል ተመለሱ። ሙከራው ስለያዘ ከተማው ተጨማሪ ነርሶች ቀጠረ።

እኛ ትምህርት ቤት የገባነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ነርሷን አስቸገርኳት ብለሽ አትስጊ።

---

እጩዋ መምህርት (ማክሰኞ ማታ)

ሲስተር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ደብተሩን ዛሬ አየሁት። ባለፈው ዓርብ 8 ዓረፍተ ነገር በቃል አጽፌ ነበር። የመጀመሪያዎቹን 4 ጽፏል። ፊደሉ ተንጋዷል እንጂ ቃሉ አልጎደለም። ከ5 እስከ 8 ያለው ባዶ ነው። ቁጥሩን በሥነ ሥርዓት ጽፎ ፊት ለፊቱን ባዶ ትቶታል። 7ኛው ላይ አንድ ቃል አለ፤ እሱም ከጎረቤቱ የተቀዳ ነው፤ ስሕተቱ ሳይቀር አንድ ነው።

የዚያን ዕለት ምን እንዳደረግኩ አስታወስኩ። የመጀመሪያዎቹን 4 ያነበብኩት መሃል ላይ እሱ ፊት ቆሜ ነው። ከዚያ ኋላ ያሉት ሲንጫጩ ወደ ክፍሉ ጀርባ ሄድኩ። የቀሩትን ከእሱ ኋላ ሆኜ ነው ያነበብኩት።

የተቀመጠው 5ኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ ነው። ከውጭ ጫጫታ የሚገባበት ቦታ። ዛሬ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ዘወር ሳልል ስሙን ጠራሁት። ዝም። ዞሬ ስጠራው "አቤት!" ብሎ ጮኾ ተነሳ። ጉንፋኑን አላውቅም፤ አፍንጫው ግን ሁሌ እርጥብ ነው።

4 ሳምንት ሙሉ ስቆጣው ነበር።

---

ነርስ ከትምህርት ቤት (ማክሰኞ ማታ)

አይዞሽ። እስካሁን ማንም አላወቀም ነበር፤ አንቺ አየሽው።

ገና ምንም እርግጠኛ አይደለንም። ያንን ደብተር እንዳለ ይዘሽ ነገ ነርሷ ጋ ሂጂ። ከኋላው በአንድ ክንድ ርቀት ቆማ፣ አንዱን ጆሮውን ሸፍና፣ በሹክሹክታ ቁጥር ልትጠራለት ትችላለች። መሣሪያ ባይኖራት እንኳ ለመጠርጠር ይበቃል። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ትልከዋለች።

በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ መጠራቀም ነው። ሕመም ላይኖረው ስለሚችል ልጁም አይናገርም። ውኃ ውስጥ ገብተሽ ሰው ሲያወራ እንደመስማት አስቢው። አንድ ሳምንት ይሻለዋል፤ አንድ ሳምንት ይብስበታል። መምህሩም "ሲፈልግ ይሰማል" ይላል። ከኋላ ሲነካ የሚማታው ደንግጦ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሲመጣ አልሰማማ።

---

ማስታወሻ ያዥ (ረቡዕ)

እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። ወረቀቱ ስለተመለሰባት እጩ መምህርት ልናገር።

በመጀመሪያ፣ ያንን ወረቀት የመለሰው ባልደረባዬ በእግሩ መምጣት ነበረበት። "ዝርዝር ይጻፍ" ተብሎ ለእጩ አይላክም። በሙያዬ ስም ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ግን የኛንም ችግር እዩልን። "ጠባዩ ያስቸግራል" የሚል ወረቀት ሲደርሰኝ መምህሩ እንደደከመ እረዳለሁ። ስለ ልጁ ግን ምንም አላወቅኩም። ልጁን ቢሮዬ ጠርቼ 30 ደቂቃ አወራዋለሁ። ጸጥታ አለ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠናል፣ ልጁ ጨዋ ነው። "ምንም አላየሁበትም" ብዬ እመልሰዋለሁ። መምህሩ ተናደደ፣ እኔ ተናደድኩ፣ ልጁ እዚያው።

እኔ የሚያስፈልገኝ ሦስት ነገር ነው፦ ከመምታቱ በፊት ምን ነበር? ምን አደረገ? ከዚያ ምን ተከተለ? "ማክሰኞ፣ ከእረፍት እንደገቡ፣ ከኋላው ያለው ልጅ ትከሻውን ነካው፤ ዞሮ በክርን መታው፤ የተመታው ሲያለቅስ እሱም አለቀሰ።" በቃ። እንዲህ ያለ ማስታወሻ 4 ወይም 5 ከመጣልኝ ሥራዬ ተጋምሷል። "እሱም አለቀሰ" የምትለዋ ብቻዋን ብዙ ትነግረኛለች።

መምህር የሚያየውን ሌላው ባለሙያ አያየውም። አንድ ምሳሌ ልጨምር። የሚጥል በሽታ የምንለው የማይጥልበት ዓይነትም አለው። ልጁ ለ10 ወይም 15 ሴኮንድ ፈዞ ይቀራል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ይቀጥላል። በቀን ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ክፍል ውስጥ "ሐሳቡ ይሸሻል" ይባላል። ሐኪም ጋ በደረሰበት ቅጽበት ላይታይ ይችላል። "ዛሬ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ጊዜ 7 ጊዜ ፈዘዘ፤ ስሙን ብጠራው አልመለሰም" ብላ የጻፈች መምህርት ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ሰጥታዋለች።

---

ሌላዋ እጩ (ረቡዕ ማታ)

እኔም ልምምድ ላይ ነኝ፤ ተመሳሳይ ቦታ። ሁላችሁም ጥሩ ነው የምትሉት። ግን ውጤታችንን የሚሞላው አማካሪው ነው። "ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም" ከተባልኩ በኋላ ነርሷ ጋ ብሄድ ትዕዛዝ ጣሰች እባላለሁ። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ እንኳ የት እንደምቀመጥ ገና አልለየሁም። ይሄን ፍርሃት ማን ይረዳናል?

---

አሠልጣኙ (ሐሙስ)

ፍርሃታችሁ የገባ ነው። መምህራንን አሠለጥናለሁ፤ ጥፋቱ በብዛት እኛ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። መምህሩን ለብቻ፣ ነርሷን ለብቻ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ለብቻ እናሠለጥናለን። ከዚያ ከባዱ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲተዋወቁ እንጠብቃለን። የጤናው ዘርፍ ይህን ቀድሞ ነቅቶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ማዕቀፍ፣ የተለያየ ሙያ ሠልጣኞች ስለ ሌላው፣ ከሌላውና ከሌላው ጋር እንዲማሩ ይመክራል። እኛ ጋ ደግሞ እጩ መምህር ነርስ ምን እንደምትሠራ ሳያውቅ ይመረቃል።

አንድ የምወደው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጄምስ ኮመር የተባለ የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪም አሜሪካ ኒው ሄቨን ውስጥ በ2 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ጀመረ። ውጤት ዝቅተኛ፣ ሥርዓት የለም፣ መምህርና ወላጅ አይተማመኑም። መጀመሪያው በጣም አስቸጋሪ ነበር። ቀስ በቀስ መምህራን፣ ወላጆች፣ ማኅበራዊ ሠራተኛና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ጀመሩ። ከደንቦቻቸው አንዱ "ጥፋተኛ አንፈልግም" የሚል ነው። ጊዜው የሚያልፈው ማን እንዳበላሸው ሲጣሩ ሳይሆን ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ሲነጋገሩ ነው። ይህ አሠራር ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ።

ለሁለታችሁም የምመክረው፣ አማካሪያችሁን አትዝለሉ። ደብተሩን መጀመሪያ ለእሷ አሳዪያት። "ነርሷ ጋ ልሄድ ነው" ከማለት "ይህን አይተሽዋል? አብረን ብናሳያት ምን ይመስልሻል?" በያት። ብዙ አማካሪ "ያንቺ ሥራ አይደለም" የሚለው ከዚህ በፊት ሞክሮ ማንም ስላልመለሰለት ነው።

---

ቤት ለቤት (ሐሙስ ማታ)

ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ጆሮው ሁሉም አወራ። እኔ ማርፈዱን ልያዘው።

እህቴ፣ "ለምን ታረፍዳለህ?" ብለሽ ክፍል ፊት አትጠይቂው። የሚመልሰው ውሸት ነው፤ ሌላ ምን ይበል? ለብቻው ስታገኚው "ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" በዪው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ።

አንድ ከባድ ነገር ከነገረሽ ሦስት ነገር ያዢልኝ። አንደኛ፣ "ለማንም አልናገርም" ብለሽ ቃል አትግቢ። ልትጠብቂው የማትችዪው ቃል ነው፤ ሲፈርስ ልጁ ሁለተኛ አይናገርም። "የሚረዳህ ሰው ካስፈለገ ለአንድ ሰው እነግራለሁ፤ ሳደርገው ግን አንተም ታውቃለህ" በዪው። ሁለተኛ፣ እንደ መርማሪ አትጠይቂ። ማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ እያልሽ አትቆፍሪ፤ ያ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ በማይሆን ጥያቄ ደግሞ ነገሩ ሊበላሽ ይችላል። ሦስተኛ፣ የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፊና በዚያው ቀን ኃላፊነቱ ላለበት ሰው ስጪ። ነገ አይባልም።

እኛ ጋ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሁሉንም አንነግርሽም። ይህ ብዙ መምህራንን ያስቀይማል፤ "ልጁን የላክሁት እኔ፣ የማላውቀውም እኔ" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያማል። ለማስተማር የሚያስፈልግሽን ግን ልንነግርሽ ይገባል። "ለ2 ሳምንት ጠዋት ላይ ታገሺው፤ እየሠራንበት ነው" የምትል መልእክት እንኳ ካልደረሰችሽ ጥፋቱ የኛ ነው። መጥተሽ ጠይቂን።

---

የድሮ ጠመኔ (ዓርብ ማታ)

ሦስት ቀን ሙሉ ሳነብ ቆየሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተማሪ ነበረኝ። ልክ እንደዚህ ልጅ። ይጮኻል፣ ይነሳል፣ አይታዘዝም። ስለመረረኝ ለቅጣት ከሰሌዳው ሥር፣ ከጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። በዚያው ሴሚስተር ልጁ ተለወጠ። ማንበብ ጀመረ። ለወጣት መምህራን ሁሉ "ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ አይታችኋል ያንን ልጅ?" እያልኩ ስነግር ኖርኩ።

ማክሰኞ ማታ የዚያን ባዶ መስመር ነገር ሳነብ ልቤ ቆመ። ያ ልጅ የተለወጠው ስለሰማኝ ይሆን? የዓመቱ መጨረሻ ላይ ቅጣቱን ጨርሷል ብዬ ወደ ኋላ መለስኩት። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ልጄ፣ ሰኞ ያልኩሽን ተዪው። ክፍልሽን ያዢ፤ ደብተሩንም ይዘሽ ሂጂ።

---

እጩዋ መምህርት (ከ3 ሳምንት በኋላ፣ እሑድ)

ቆየሁባችሁ፤ ይቅርታ።

ደብተሩን ለአማካሪዬ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አገላበጠችው። ከዚያ የጥር ወሩን፣ እኔ ሳልመጣ የነበረውን ደብተር ከቁም ሳጥን አወጣች። እዚያም ባዶ መስመሮች አሉ። "ሰነፍ ነው ብዬ ነበር" አለች። ነርሷ ጋ አብረን ሄድን።

ነርሷ በሹክሹክታ ስትጠራለት በቀኝ ጆሮው ከ6 ቁጥር 2 ብቻ መለሰ፤ በግራው 3። ጤና ተቋም ተልኮ ታየ። በሁለቱም ጆሮው ፈሳሽ አለ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በራሱ እንደሚጠፋ ተናግሮ ከ3 ወር በኋላ ተመልሶ እንዲታይ ቀጠሮ ሰጠ። እስከዚያ ከፊት ይቀመጥ፣ ፊት ለፊት አናግሩት ተባልን።

አሁን 1ኛው ረድፍ ነው። ለልጆቹ ከኋላ እንዳይነኩት፣ ከፊቱ መጥተው እንዲያናግሩት ነገርኳቸው። ለሁሉም የሚሆን የክፍል ደንብ አድርጌ ነው ያቀረብኩት፤ እሱ ላይ ጣት እንዳይጠቆም። መማታቱ ቀንሷል። አልቆመም። ባለፈው ረቡዕ አንዱን ልጅ ፊት ለፊት መታው፤ ድንጋጤ አልነበረም። ለምክር አገልግሎት ባለሙያው በሦስቱ ጥያቄ ጽፌ ሰጠሁት። በማግስቱ ራሱ ክፍሌ ድረስ መጣ።

ማርፈዱን ለብቻው ጠየቅኩት። "ሕፃኗን አልብሳለሁ" አለኝ። ከዚህ በላይ አልገፋሁም። በዚያው ቀን ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሰጠኋት። "እየሠራሁበት ነው፤ ለጊዜው የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ አትቁጠሪበት" አለችኝ። ሌላ አልነገረችኝም። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ከዚያ እዚህ የተጻፈውን አስታወስኩ።

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ልምምዴ በ2 ሳምንት ውስጥ ያበቃል። የሐኪሙ ቀጠሮ ሲደርስ እኔ እዚያ የለሁም። ሁሉም ነገር ከእኔ ጋር እንዳይወጣ ምን ላድርግ?

---

ነርስ ከትምህርት ቤት (እሑድ)

ቀጠሮው በ3 ሰው እጅ ይጻፍ፦ በነርሷ መዝገብ፣ በአማካሪሽ መዝገብ፣ በወላጅ እጅ ባለው ወረቀት። የአንዱ ቢጠፋ የሌላው አለ። ለአማካሪሽ አንድ ገጽ ጻፊላት፤ ከዚያ አይብለጥ፤ ረጅም ከሆነ አይነበብም።

---

ቤት ለቤት (እሑድ)

ገጹ ላይ የቤቱን ጉዳይ አትጻፊ። "ማርፈዱን በተመለከተ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን አነጋግሩ" ይበቃል። ወረቀት የማይሄድበት ቦታ የለም።

ለልጁም ራስሽ ንገሪው፤ የምትሄጂበትን ቀን ቀደም ብሎ ይወቀው። ፊቱን እያየሽ።

---

ማስታወሻ ያዥ (እሑድ)

ልጁን ምን እንደጠቀመውም ጻፊ። ሰው ሲያስረክብ ችግሩን ብቻ ነው የሚጽፈው።

---

እጩዋ መምህርት (ዓርብ)

ገጹን ጨረስኩ። "1ኛ ረድፍ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ። ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ አትናገሩ። ትእዛዝ ከሰጣችሁ በኋላ መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ 'ገባህ?' ብትሉት አዎ ነው የሚለው። ጉንፋን ሲይዘው ይብሳል። ተረት ሲነበብለት ደስ ይለዋል፤ አጠገቡ ቁሙለት።"

ዛሬ የመጨረሻውን የቃል ጽሕፈት አጻፍኩ። ከፊት ቆሜ፣ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ። ከ8ቱ 7ቱን ጻፈ። አንዷን የዘለላት ሳስል ነው።

አማካሪዬ ገጹን ተቀብላ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣችና የቀጠሮውን ቀን መዝገቧ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፈችው።